ሃልዳን ለአሮጊቷ የመለሰው መልስ

ሃልዳንን መጀመሪያ ያየሁት በራችን ላይ ዝይ ታቅፎ ቆሞ ነው።

ረጅም ነው። ጢሙ ቀይ፣ ፊቱ ከበሽታ እንደተነሣ ሰው የገረጣ። ዝይዋ በክንፏ ፊቱን ትጠፈጥፈዋለች፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል። እኔ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ በሊጥ ነበር።

«ጊፍት!» አለኝ። «ላንቺ... ጊፍት!»

ደሜ ፈላ። በእኛ በእንግሊዞች አፍ ያ ቃል ለስለስ ብሎ «ዪፍት» ይባላል፤ ትርጉሙም ጥሎሽ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ዘሩን እንኳ የማላውቀው አንድ ዴን፣ አንድ የዴንማርክ ሰው፣ በአንዲት ዝይ ሊያገባኝ!

«በአንድ ዝይ?!» ብዬ ጮህኩ። «እኔን በአንድ ዝይ?!»

ግራ ገባው። ዝይዋን አየ፤ እኔን አየ።

«ሁለት?» አለ።

በዚያ በሊጥ እጄ በጥፊ አልኩት።

አባቴ ከጓሮ ሮጦ መጣ። አባቴ ዉልፍሪክ የኤልድፎርድ መሻገሪያ ጀልበኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ነጋዴ ሲያሻግር ኖሮ ከዴኖች አፍ ጥቂት ጥቂት ለቃቅሟል። ነገሩ ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ልጄ፣ በእነሱ አፍ ጊፍት ማለት ስጦታ ነው! ስጦታ ብቻ! ይሄ ሰውዬ አንቺ አክስትሽ ዘንድ በነበርሽ ጊዜ በትኩሳት ሲቃጠል ጓደኞቹ ጥለውት የሄዱት ነው። አሥራ አንድ ቀን ጀልባ ቤት አስተኝቼ ሾርባ ያጠጣሁት። ሊያመሰግን ነው የመጣው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ሃልዳን ግን ጉንጩ ላይ የቀረውን ሊጥ በጣቱ ጠርጎ ቀመሰ፤ ፊቱን አጨፈገገና «ጨው የለውም» ብሎኝ ሄደ።

ጀልባ ሠሪ ነበር። የአባቴ ጀልባ ደግሞ ውኃ ማስገባት ጀምራለች። ብርዱ እስኪያልፍ ቆይቶ ሊጠግናት ተስማሙ። እኔም በየቀኑ ምሳ አደርስለት ጀመር። መጀመሪያ አስቀምጬ እመለስ ነበር። ከዚያ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ... መቀመጥ ጀመርኩ።

ሊዮፍሩን የሚለው ስሜ ለአፉ ረዘመበትና «ሊዮፍ» ብሎ አሳጠረው። ሊዮፍ በእኛ አፍ «ውዴ» ማለት ነው። ያወቀ አልመሰለኝም፤ እኔም አላረምኩትም!

«ሊዮፍ፣ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» ይለኛል መስኮቱን እያሳየ።

«የዓይን ቀዳዳ።»

«እኛ የነፋስ ዓይን ነው የምንለው።»

«የእናንተ ልክ ነው» አልኩት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ። «በዚህ በኩል የሚገባው ዓይን አይደለም፣ ነፋስ ነው!»

ሳቀና ካባውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው። የዝግባ ሙጫ ይሸታል። ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከሁሉ የሚያስቸግረን የቃላት ጅራት ነበር። በእኛ አፍ ቃል ሁሉ ጅራት አለው። ጀልባዋ ስትሄድ አንድ ጅራት፣ ጀልባዋን ስትገፋት ሌላ ጅራት፣ በጀልባዋ ስትሳፈር ደግሞ ሌላ። የእነሱም ቃል ጅራት አለው፤ ግን የተለየ ነው። የቃሉ ራስ አንድ ሆኖ ጅራቱ ያጣላናል። አንድ ቀን አሥር ጊዜ ተነጋግረን አሥሩንም ጊዜ ሳንግባባ ስንቀር መጥረቢያውን ወርውሮ ተነሣ።

«ሊዮፍ! ዓሣ ስትሠሪ ጅራቱን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ቆርጬ እጥለዋለሁ።»

«በቃ! እንቁረጠው!»

ቆረጥነው። የእኔንም ጅራት፣ የእሱንም ጅራት። ጅራት በሌላቸው ቃላት ማውራት ስንጀምር አባቴ «አሁን ይሄ ቋንቋ ነው ወይስ የሕፃን ልጅ መንተባተብ?» እያለ ይቀልድብን ነበር። እኛ ግን ተግባባን። ቀኑ አላልቅ ይለን የነበርን ሰዎች ቀኑ የሚያጥረን ሆንን።

ወንዙ ላይ የነበረው በረዶ ሲቀልጥ ጀልባዋ አለቀች። ሃልዳን ፀጉሩን አበጥሮ፣ እጁን ታጥቦ አባቴ ፊት ቀረበ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«አባት» አለ። «ከልጅህ ጋር... ድዌል ማድረግ እፈልጋለሁ።»

በእኛ አፍ «ድዌል» ማለት ማሳሳት ነው። ሰውን ከመንገዱ ማውጣት፣ ማታለል! አባቴ ያንን ቃል ከዴኖች ሰምቶት አያውቅም። የሚያውቀው የእኛኑ ትርጉም ብቻ ነው።

«ምን አልክ?»

«ድዌል! ዕድሜዬን ሙሉ!»

አባቴ መቅዘፊያውን አንሥቶ አባረረው። እኔ... እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ሳቅ ለዚህ ነው? ያ ካባ ለዚህ ነው? ዘጠኝ ቀን እህል በአፌ አልገባ ብሎኝ ከረመ። እሱ ከወንዙ ማዶ ካሉት ዛፎች ሥር እያደረ በየጠዋቱ ዳርቻው ላይ ቆሞ ወደ ቤታችን ያያል። አይጠራም። ዝም ብሎ ያያል።

በአሥረኛው ቀን ብቻዬን ቀዝፌ ተሻገርኩ። ልሰድበው ነበር የሄድኩት።

«ልታሳስተኝ ነው የመጣኸው?! አባቴ ያዳነህ ለዚህ ነው?!»

«ማሳሳት?» አለ። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከስቷል። ቃሉን በአፉ ደጋገመው። ከዚያ አንድ ወፍራም እንጨት አነሣና በድንጋይ እየቀጠቀጠ መሬት ውስጥ ተከለው። የመጣሁባትን ጀልባ ጎትቶ ገመዷን እንጨቱ ላይ አሰረ። ሄዶ ከሥሩ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። እጁን መሬቱ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ» አለኝ። «እኔ ድዌል ያልኩት ይሄ ነው። ከዚህ ወዲያ አልሄድም።»

መኖር! ለካስ «ልኑር» ነው ያለው! እላዩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ለምን አልተናገርክም?»

«ቃሌ እኮ ነው ያስከፋሽ፤ ሌላ ቃል የለኝም» አለኝ።

ለማርያም በዓል ተጋባን። በዓመቱ ልጃችን ቶራ ተወለደች። ቶራ አፏን ስትፈታ የፈታችው በእኛው በጅራት አልባው ነው። የሰፈሩ ሴቶች መጀመሪያ ይስቁባት ነበር፦ «ያቺ የሊዮፍሩን ልጅ ግማሽ ዳክዬ ግማሽ ዝይ ናት!» እያሉ። ግን ልጆቻቸው ከቶራ ጋር ይጫወታሉ። ልጆቹ ያንኑ አፍ ይዘው ቤታቸው ይገባሉ። እኛም ጋ ከሰሜን የሚመጡ የዴን ነጋዴዎች ብዙ ናቸውና የመሻገሪያው ገበያ ቀስ በቀስ እንደኛ ቤት ማውራት ጀመረ። አባቴ ሲያረጅ ጀልባዋን የያዘው ሃልዳን ነው። በኤልድፎርድ እሱ ያልጠገነው ጀልባ አልነበረም። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር።

ደስታዬ አምስት ዓመት ከጥቂት ወር ነበር።

በባሕሩ ዳር ያሉ መንደሮች በዚያ ሰሞን እየነደዱ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ዘራፊ መርከበኞች ናቸው የሚያነዷቸው። ዴኖች ናቸው። ያው የሃልዳን ወገን። ግን ሃልዳን ከመዶሻና ከመጋዝ በቀር በእጁ የያዘው ነገር ኖሮ አያውቅም። ለንጉሡ ግን ዴን ሁሉ አንድ ሆነበት። በኅዳር ወር፣ በቅዱስ ብሪስ በዓል ጠዋት፣ የደብራችን ቄስ እየሮጡ ቤታችን ገቡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሊዮፍሩን፣ ልጄ... ደብዳቤ መጥቷል። በንጉሡ ምድር ያለ ዴን ሁሉ ዛሬ ይገደል ተብሏል። ወንድ፣ ሴት፣ ልጅ፣ ሽማግሌ። ብሪትሪክ የሚባለው የንጉሡ ሹም ከላይኛው ከተማ ጀምሮ ዴኖችን እያሰባሰበ እየወረደ ነው።»

«ይሽሽ!» አልኩ።

«በየመንገዱ ሰው ቆሟል። የሚሸሽን ሁሉ ይይዛሉ። ሹሙ ግን መልኩን አያውቀውም። ከሰፈሩም አንድ ሰው አይጠቁምበትም፤ ሁሉንም በየቤቱ ዞሬ አስምያለሁ። እንግሊዝ ነኝ ይበል። አፉ ግን... አፉ እንዳያጋልጠው።»

ጢሙን በቢላ ላጨሁት። በጥድፊያ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያን ሁሉ ዓመት የጣልነውን ጅራት አንድ በአንድ መልሼ ቀጠልኩለት።

«ስምህ?»

«ኦስሪክ። የዉልፍሪክ ልጅ።»

«ወፍጮው የት ነው?»

ነገረኝ።

«ጅራቱን ረሳህ! እንደገና!»

«ሊዮፍ...»

«እንደገና በለኝ! እንደገና!»

እያለቀስኩ ነበር የምቆጣው። እሱ እንባዬን በአውራ ጣቱ እየጠረገ፣ እንደ ተማሪ ልጅ፣ እንደገና ይል ነበር።

ወደ ቀትር ገደማ ደረሱ። ሁለት ጋሪና መሣሪያ የያዙ አሥራ ሁለት ሰዎች። ጋሪዎቹ ላይ የታሰሩ ሰዎች ተጭነዋል። ብሪትሪክ ዕድሜው አርባ ያህል ነው፤ ፊቱ ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። በኋላ እንደሰማሁት ሚስቱ ዘራፊዎቹ ባቃጠሉት ቤት ውስጥ የቀረች ናት። የሚጮህ ሰው አልነበረም። ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ጀልበኛ፣ ስምህ ማነው?»

«ኦስሪክ እባላለሁ ጌታዬ። የዉልፍሪክ ልጅ ነኝ።»

«ወደ ወፍጮው በየት በኩል ነው የሚኬደው? ዘርዝረህ ንገረኝ።»

እኔ ቶራን አቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ ክንዴን ጨብጦኛል። ሃልዳን ተናገረ። ድልድዩን፣ የአጥሩን ዳር፣ ሁለቱን ዛፎች... እያንዳንዱን ቃል ከነጅራቱ! አንድም አልሳተም! የሰፈሩ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

ብሪትሪክ ራሱን ነቀነቀ።

«ደግ። ጋሪዎቹን አሻግርልን።»

ተርፏል! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል...

የመጀመሪያውን ጋሪ ወደ ጀልባዋ ሲገፉ ጋሪው ላይ አንዲት አሮጊት አየሁ። ጥርስ የላትም። ዓይኗ በሞራ ተሸፍኗል። እጇ ታስሯል። በዴኖች አፍ ትጠይቃለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠይቅ የዋለች ትመስላለች፣ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ልጆቼ፣ ወዴት ነው የምትወስዱኝ? ማን ነው ያለው? ሰው የለም?»

ከወታደሮቹ ማንም አይሰማትም። አንዱ «አሁንስ ይቺ ቁራ!» ብሎ ሳቀባት። ሌሎቹ እስረኞች ወይ ልጆች ናቸው፣ ወይ ከድብደባ የተነሣ አይናገሩም።

«ሰው የለም?» አለች እንደገና። «የሚሰማኝ ሰው የለም?»

ሃልዳን መቅዘፊያውን እንደያዘ ቆመ። አየሁት። አየኝ። በዓይኔ ለመንኩት። ዝም በል! በልጅህ ሞት ዝም በል!

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ነቀለ፤ መቅዘፊያውን በቀስታ አስቀመጠ፤ እጇን ያዘ። በእናቱ ቋንቋ መለሰላት።

«አለሁ እናቴ። እሰማሻለሁ። አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም።»

አሮጊቷ ጣቶቹን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ብሪትሪክ ቀስ ብሎ ዞረ።

እኔ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። አባቴ በሁለት እጁ ጠፍንጎ ያዘኝ። ቶራን የእንግሊዝ እናት ልጅ ናት ብለው ተዉአት። ሃልዳንን ሲያስሩት አልታገለም፤ የጠየቃቸው የአሮጊቷን እጅ እንዳያስለቅቁት ብቻ ነው። ጀልባዋን ሌላ ሰው ቀዘፋት። ከዳርቻው ስትርቅ ወደ እኔ ዞሮ በቤታችን አፍ፣ በዚያ ጅራት በሌለው አፋችን ተናገረኝ።

«ሊዮፍ፣ ልጅቷን አስገቢያት። ብርድ ነው።»

ይኸው ነው። ሌላ አልተናገረኝም።

የት እንደገደሏቸው አልነገሩንም። የት እንደጣሏቸውም። ቄሱ ጠየቁ፤ አባቴ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠ የለም። አሥራ አራት ዓመት መቃብር የሌለው ባል ሚስት ሆኜ ኖርኩ።

እውነቱን ልናገር? ከሐዘኔ ንዴቴ ይብስ ነበር። ለማያውቃት አሮጊት! በማግስቱ ለማትኖር አሮጊት እኔን ጣለኝ! ልጁን ጣለ! ብቻዬን ስሆን «እኔስ ሰው አልነበርኩም?» ብዬ ስሙን እየጠራሁ እወቅሰው ነበር። ቶራ አባቷን አታስታውሰውም። የአራት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች? አባቴ ሲሞት ጀልባዋን እኔና እሷ ያዝናት።

ዘመን ተገለበጠ። ዴኖች አገሩን ወጉ፤ አሸነፉ። በኛ ላይ የነገሠው ራሱ ዴን ሆነ። የቀድሞዎቹ ሹማምንት አንድ በአንድ አዲሱ ንጉሥ ፊት እየተጠሩ ከፊሉ ይማራል፣ ከፊሉ አንገቱ ይቀላል ተባለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ በእግሩ መሻገሪያው ድረስ መጣ። ቆቡን አውልቆ ያዘ። ጠባሳውን ሳይ እጄ ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ።

«ታውቂኛለሽ» አለ ብሪትሪክ።

«አውቅዎታለሁ።»

«ነገ ከንጉሡ ፊት እቀርባለሁ። አፋቸውን አላውቅም። አስተርጓሚዎቹ ሁሉ የገደልናቸው ሰዎች ወገን ናቸው፤ ምን ብለው እንደሚያስተረጉሙልኝ እግዚአብሔር ይወቅ። በራሴ አንደበት ምሕረት የምለምንበትን ቃል... አስተምሪኝ። ካንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ቶራ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። በጎን ሳበችኝ።

«እማዬ፣ አስተምሪው!» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ዓይኗ ይነዳል። «ስድብ አስተምሪው! የንጉሡን እናት የሚሰድብ! አንገቱን ይበሉት!»

አልዋሽም፣ ስድቡ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ሃልዳን መዶሻ ጣቱን ሲመታው የሚለው አንድ ስድብ አለ...

«መጀመሪያ ባሌን የጣላችሁበትን ያሳዩኝ» አልኩ።

ሦስታችን ሄድን። ከወፍጮው በላይ፣ ነጭ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ አሮጌ ጉድጓድ ነው። ከቤቴ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም! በመንገዱ ላይ አስተማርኩት። እውነተኛውን ቃል ነው ያስተማርኩት። «ሕይወቴ በእጅህ ነው፤ የሠራሁትን አልክድም» የሚለውን። ሃልዳን አፉን ለእኔ ሲሰጠኝ ሰው እንድገድልበት አልሰጠኝም። ሽማግሌው ይሳሳታል፤ እኔ አርመዋለሁ። ቶራ ከኋላችን እያለቀሰች ትከተላለች።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ቆመ። ሣር በቅሎበታል።

«እዚህ ነው» አለ። ለመሄድ ዞረና እንደገና ተመለሰ። «ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ።»

«እጇን አልለቀቀም። መንገዱን ሙሉ ሲያወራት ነበር። ምን እንደሚላት አላውቅም። እዚህ ስንደርስ ሁሉም ሲያለቅሱ አሮጊቷ ግን ፈገግ ትል ነበር። ወደ ቤቷ የምትሄድ መስሏት ይሁን እንጃ። ይሄን ሁሉ ዓመት... ምን ብሏት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ሄደ። በኋላ ሰማሁ፣ ንጉሡ ምሮታል። ደስ አላለኝም። አልከፋኝምም።

እኔ ግን ምን እንዳላት አውቃለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ያወራኝ ሰው ነው። ስለ ጀልባ ነው የነገራት። ስለ ቤቱ ነው። ስለ እኔና ስለ ልጁ ነው የነገራት። አሥራ አራት ዓመት የተቆጣሁት ንዴት እዚያ ሣር ላይ ከእንባዬ ጋር ፈሰሰ። ያንን እጅ ለቅቆ ወደ እኔ ቢመለስ ኖሮ እኔ የወደድኩት ሰው አይሆንም ነበር። ይሄን ለማመን ነው ያን ያህል ዓመት የፈጀብኝ።

ቶራ አጠገቤ ተንበረከከች። ነጩን አፈር በእጇ ትዳብሰዋለች።

«እማዬ... ምን ብዬ ልጥራው? በእኛ አፍ ልጥራው፣ በእነሱ? አይሰማኝ እንደሆነስ?»

ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ገለጥኩላት። ቀይ ነው፣ እንደ አባቷ።

«አባት የሚለው ቃል በሁለቱም አፍ አንድ ነው ልጄ» አልኳት። «ጥሪው።»

ጠራችው።